ለአድማሱ ራይት፣ ለእኔ ኤክስ

ሁለት ልጆች በአንድ ዴስክ ተቀምጠን፣ በአንድ ፈተና፣ ለአንድ ጥያቄ፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ አንድ ዓይነት መልስ ጻፍን። ለእሱ ራይት ተደረገለት፤ ለእኔ ኤክስ። ይመዝገብልኝ የምለው በደል ይኸው ነው። ትንሽ ነው የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ የገዛ ልጆቼም ይሉኛል። «እማዬ፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ሰው ስንቱን እያጣ፣ እርስዎ የስድስተኛ ክፍል ማርክ ያነሣሉ?» ይሉኛል። አነሣለሁ። ሰው በትልቁ የሚበደለው በትንሹ ሲበደል ዝም እየተባለ ነው። ደግሞም ያቺ አንዲት ማርክ ለእኔ ትንሽ አልነበረችም። የት እንዳደረሰችኝ ስነግራችሁ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ማኅሌት ናት። ቡሬ ካለው ካምፓስ ትማራለች። ትምህርቱ ሲቋረጥ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደሬ፣ እኔ ዘንድ ትከርማለች፤ ሲከፈት ትመለሳለች። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ኅዳር እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፤ የቡሬ በርበሬ ደግሞ ገና ሳይነኩት ያስነጥሳል። እሷ ከጎኔ ሆና ስልኳን ትነካካለች። ሰማዩ ያለ ወቅቱ ዳመና ጥሎ ነበርና፣ በርበሬውን ላስጣው ወይስ ላስገባው ብዬ «እስቲ ስልክሽ ምን ይላል?» አልኋት። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች አነበበችልኝ። ከመካከሉ አንዲት ቃል እንደ እሾህ ወጋችኝ።

«ምን አልሽ አሁን?» አልኋት።

«ዝናብ አለ ይላል እማማ። የአየር ትንበያ ነው።»

«እሱን አይደለም። በእንግሊዝኛ ያልሽውን።»

«ፎርካስት?»

«እሱ። ኃላፊ ጊዜው ምንድን ነው?»

ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ ያመጣሉ! ኃላፊ ጊዜ ከየት ትዝ አለዎት?»

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ሁለቱም ይሆናል። ፎርካስት ተብሎ ሳይለወጥ ይጻፋል፤ ኢዲ ጨምረው ፎርካስትድ የሚሉም አሉ። ሳይለወጥ የሚጻፈው ይበዛል ይላል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ታዲያ ሁለቱም ከሆነ የኔ ለምን ኤክስ ተደረገ?» አልሁ። ማኅሌት ምን እንደምል አልገባትም። እኔም በርበሬዬን መቀንጠሴን ቀጠልሁ፤ ግን ደጃፌ ላይ አልነበርሁም። ስድሳ ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄጃለሁ።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ከአንድ ዋና መንገድ በቀር የላትም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በአዲሱ ስሟ አልጠራትም፤ «ወጀት ደርሼ ልምጣ» ነበር የሚለው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ወንዙ ሲሞላ ደብተራችንን ራሳችን ላይ አስረን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሻገራለን። ቀሚሴ አቡጀዲ ነው፤ ከወገብ በላይ ነጭ፣ ከወገብ በታች የመንገዱን ጭቃ የመሰለ። በረባሶ ያደረገ ልጅ እንደ ሀብታም ይታያል። ደብተር በስሙኒ፣ እርሳስ በአምስት ሳንቲም ይሸጣል። ዛሬ ለማኅሌት አንድ ደብተር የምገዛበትን ብር ያን ጊዜ የያዘ ሰው ከገበያ በግ እየነዳ ይመለስ ነበር። ከዓረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ያንቀጫቅጫል። ከሱቁ ማዶ የወረዳው ጸሐፊ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ሬድዮ። ቀን ላይ ዘፈን ሲመጣ ያች ማዕዘን በሰው ትሞላለች። ልብስ ሰፊው እግሩን ከመኪናው ያነሣል፤ ጨው የሚሸጡት ሴቶች ሚዛናቸውን ያስቀምጣሉ። አንዲት ሴት ድምጿ እንደ ማር የሚሳብ ትዘፍን ነበር፤ ዛሬም ከታክሲ ውስጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ ስሰማ የዚያ ዓረብ ሱቅ የሳሙና ሽታ ይመጣብኛል። ዘፈኑ አልቆ እንግሊዝኛው ሲጀምር ሰው ሁሉ ይበተናል። ከመስኮቱ ሥር የሚቀረው የጸሐፊው ልጅ ብቻ ነው። አድማሱ ማለት እሱ ነው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጠው።

አባቴ አያ ታከለ ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ግን ሰማይ ያነባል ይሉታል። ጉንዳን እንቁላሉን ተሸክሞ ሽቅብ ሲጓዝ፣ ላም አፍንጫዋን አንሥታ ስታሸት፣ ነፋሱ ከወትሮው አቅጣጫ ሲዞር ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል። አውድማው ላይ እህል ያለው ሰው ሁሉ እየመጣ «አያ ታከለ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» ይለዋል። አባቴ «ሊዘንብ ነው» አይልም፤ «ይዘንባል» አይልም። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ እያለ «ዘነበ» ነው የሚለው። «ዘነበ» ካለ አገር ይሮጣል፤ ነዶው ይከመራል፣ አውድማው ይሸፈናል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን «አባዬ፣ ጠብ ሳይል ለምን ዘነበ ይላሉ?» አልሁት። «እኔ አይቼ ጨርሻለሁ፤ ገና ያላያችሁት እናንተ ናችሁ» አለኝ። «አስቀድሞ የተነገረ ነገር ወዲያ ወዲህ አይልም። ከተነገረ ተነገረ።» ሲናገር አይኮራም፤ ስለ በሬ ጥርስ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔ ግን እኮራበት ነበር። ያ ኩራት ነው ኋላ ያሰመጠን።

ስድስተኛ ክፍል ሆኜ በመጋቢት ከቡሬ በኩል ሽማግሎች መጡ፤ እኔን ሊጠይቁ። አባቴ ሊሰጠኝ አልወደደም። መምህራኑ «ይቺ ልጅ ትራመዳለች» ብለውታል፤ እሱም በሰው ፊት «የኔ ጸሐፊ» ይለኝ ጀምሯል። ነገር ግን ዱላቸውን ተደግፈው ከሩቅ የመጡ ሽማግሎችን በባዶ «እምቢ» ብሎ መመለስ በኛ አገር ነውር ነው። ምክንያት ያስፈልጋል። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና «ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች» አላቸው። ፈተናው በሰኔ ነው፤ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው፣ «አያ ታከለ፣ ይህ እኮ ዝናብ አይደለም» ብለው ሳቁ። አባቴ ግን ያን ሳቅ አልወደደውም። «አይቼዋለሁ። አንደኛ ወጣች። ካልወጣች ውሰዷት» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ በማርያም፣ ምላስዎን ይሰብስቡ!» ስትል ሰማኋት። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ ሽማግሎቹም «ሰማን» ብለው ተነሥተዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በእኔ ማርክ ላይ ተንጠለጠለ። አባቴ ስለ ፈተናው አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ አይቶ የጨረሰውን ነገር ምን ብሎ ያነሣዋል? ብቻ ውኃ እንዳልቀዳ፣ ከብት እንዳላግድ አደረገ። ታላቅ እኅቴ የኔን እንስራ ደርባ ትሸከምና «እንግዲህ እንግሊዝኛሽ ወገቤን ቆረጠው» ትለኛለች። እኔ ከግራሩ ሥር ተቀምጬ አጠናለሁ፤ የተቋጠረልኝን ቆሎ ግን ለወፍ እበትናለሁ። ዛሬ ማኅሌት ፈተና ሲደርስ እህል አልበላም ስትል የማልቆጣት ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር ዋለ የሚባሉ፣ የዱርቤቴ ተወላጅ፣ ገና ወጣት ነበሩ። ነጭ የናይለን ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ቀይ ብዕር። ያለ ጥፋት አይመቱም፤ ለባለጸጋ ልጅም አያደሉም ይባሉ ነበር። ይህንንም አብሬ አስመዘግባለሁ፤ ክስ ሲጻፍ የተከሳሹም ደግነት ይጻፍ። የፈተናውን ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። የመጨረሻው እንዲህ ያለ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ገበሬ ዝናብን እንዲህ አደረገ የሚል፣ መሐሉ ባዶ ቦታ፣ ከጎኑ ፎርካስት የምትል ቃል። በኃላፊ ጊዜ አድርጋችሁ ሙሉ። ቃሏን አንድ ቀን ብቻ ነው ያስተማሩን፤ ትርጉሟን «አስቀድሞ መናገር» ብለውናል። ኃላፊ ጊዜን ግን ዓመቱን ሙሉ «ኢዲ ጨምሩ» ሲሉን ነው የከረሙት።

እኔም ኢዲ ልጨምር እርሳሴን አስጠጋሁ። ከዚያ ያ ሽማግሌ ገበሬ አባቴ ሆነብኝ። አውድማ ዳር ቆሞ «ዘነበ» ሲል ታየኝ። እሱ አስቀድሞ ሲናገር ነገሩ አልቋል፤ ያለቀ ነገር ላይ ምን ይጨመራል? ብዬ ቃሏን እንዳለች ተውኋት። ዛሬ ሳስበው ምክንያቴ ከእንግሊዝኛው ጋር በምንም አይገናኝም። ቢሆንም በራሱ መንገድ ሄዶ ቦታው የደረሰ ሰው ደርሷል ነው የሚባለው።

አድማሱ ያችን ቦታ ባዶ ትቷታል። ቀና ብሎ አየኝ። ከቤቱ ዳቦ ሲያመጣ ከሁለት ገምሶ የሚሰጠኝ ልጅ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ያረፈድሁ ቀን «አሟታል» ብሎ የሚሟገትልኝ ልጅ ነው። ክርኔን ፈቀቅ አደረግሁ። አየና ጻፈ። ማሳየት ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ጥፋቴን አልክድም። ግን ክርኔ የጠየቀኝ ዋጋ ከጥፋቱ በጣም የበለጠ ነው።

ወረቀቱ ሲመለስ የሱን አየሁ፤ ራይት። የኔን አየሁ፤ ኤክስ፤ ቀዩ ቀለም ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። ተነሥቼ ወደ መምህሩ ሄድሁ።

«መምህር፣ ይህ ለምን ኤክስ ሆነ?»

ወረቀቱን አዩትና «ሂጂ ተቀመጪ» አሉኝ።

«የአድማሱ እኮ እንዲሁ ነው። የሱ ራይት ነው።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው ተለወጠ። «ተቀመጪ አልሁ» አሉኝ። አድማሱ አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይበላል። «ከኔ አይቶ ነው» ብል ኖሮ ነገሩ ያን ጊዜውኑ ይጠራ ነበር። አላልሁም። ጓደኛ ማጋለጥ ከኤክስ የባሰ መስሎኝ ነው። ሄጄ ተቀመጥሁ።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወላጅ ተሰብስቦ ደረጃ ይጠራል። አባቴ አዲስ ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ መጣ። እኚያ ጥርሳቸው የሳሳው ሽማግሌም መጡ፤ ከጎኑ ቆሙ። «አንደኛ፣ አድማሱ» ተባለ። «ሁለተኛ፣ እናኑ ታከለ።» በመካከላችን ያለችው አንዲት ማርክ ናት። ሰው አጨበጨበ፤ ከገጠር መጥታ ሁለተኛ የወጣች ሴት ልጅ ቀላል አልነበረችምና። አባቴ አላጨበጨበም። ሽማግሌውም ጨዋ ናቸው፤ አልሳቁም፤ «እግዜር ያውቃል አያ ታከለ» ብለው ብቻ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ያ መነካት ከሳቅ የከፋ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ነን። ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አይቼው ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ወደ ውኃው ገባ።

በጥር ተዳርሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይታጠፍም፤ አባቴ ቢያጥፈው ኖሮ በዚያ አገር እህል ውኃ የሚለው አያገኝም። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም አስመዘግባለሁ። ከሰባት ልጆች አራት አሳድገናል። ነገር ግን ደብተሬን በሠርጌ ማግስት አማቴ ቀድዳ ማሰሮ ከደነችበት። ልከፋ አልደፈርሁም፤ ቆሜ አየኋት። አባቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ «ዘነበ» ሲል ሰዉ ቀና ብሎ ራሱ ሰማዩን ማየት ጀመረ። አንድ ዓመት «ዘነበ» ሲል ማንም አልሮጠም፤ ዘነበ፤ የመንደሩ ጤፍ አውድማ ላይ በሰበሰ። «ሳንሰማዎት ቀረን» ብለው መጡ። አባቴ አልታበየም፤ ደስም አላለውም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰማይ ሲጠይቁት «እንጃ» ነው የሚለው። «እንጃ» እያለ ሞተ።

እኔ ያችን ቃል አልተውኋትም። የማይምነት ማጥፋቱ ዘመን መጥቶ ለመንደሩ ሴቶች በር ላይ በጠመኔ ፊደል ሳስቆጥር፣ ከከተማ ለመጣው ወጣት የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የፎርካስት ኃላፊ ጊዜ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «ኢዲ ነዋ እናቴ» አለኝ፤ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። የቡሬው ድሬሰር፣ ልጄን መርፌ ሊወጋ መጥቶ፣ «ሳይለወጥ ነው» አለኝ፤ ልጄ እያለቀሰ እኔ ሳቅሁ። የእርዳታ እህል የሚያመላልሰው ሾፌር «ፈረንጆቹ ሁለቱንም ሲሉ እሰማለሁ» አለ፤ ሾፌር ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁት። ዳኛው እየተቀያየረ እንደሚቀጠር ክስ ሆነብኝ። መምህሩ የተሳሳቱት በእንግሊዝኛው ነው፣ የአድማሱን ሳያስተውሉ አሳልፈውታል፣ ይህን የሚያስረዳልኝ ሰው ካገኘሁ ፍርዴን አገኘሁ ብዬ ነበር የኖርሁት። ማኅሌት «ሁለቱም» ስትለኝ ግን ያ ሁሉ ፈረሰ፤ ሁለቱም ልክ ከሆነ በቃሏ የሚያስቀጣ ነገር የለም። እንግሊዝኛው ካልሆነ ምንድን ነው?

እንዲህ ስብሰለሰል በከረምሁበት ሰሞን መንገድ ተከፈተና ማኅሌትን ልሸኛት ቡሬ መናኸሪያ ወረድሁ። አንድ ባጃጅ ልትድጠኝ ምንም ሳይቀራት፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ በዱላው መታትና «አንተ፣ ሰው አይታይህም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ጎርናና ሆኗል፤ ያ የሚሟገትልኝ ልጅ መሆኑን ግን ወዲያው አወቅሁት።

«አድማሱ!»

ዓይኑን አጠበበ። «እናኑ? እናኑ ታከለ? አልሞትሽም እንዴ?»

«አንተ ሳትሞት እኔ ልቀድም?»

«ያው እዚህም ሁለተኛ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳቁን ዋጠ። እሱ እየተማረ ሄዶ፣ በመንግሥት ቢሮ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ነው የተመለሰው። ከግድግዳው ጥግ ቆመን ስለ ፈተናው ጠየቅሁት። ቃሏን ረስቷታል። ክርኔንም ረስቷል።

«ካንቺ ነው እንዴ የቀዳሁት?» አለ።

«ታዲያ ከማን?»

«እኔ እኮ ራሴ የሠራሁት መስሎኝ ለልጆቼ ስነግር ነው የኖርሁት» አለና አንገቱን ደፋ። ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መምህር ዋለ አሉ እኮ። ዱርቤቴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጭንቅላታቸው ደኅና ነው። ስልካቸው አለኝ» አለኝ።

«አሁን ደውል» አልሁት።

«ምን ልበላቸው?»

«እናኑ ታከለ ነገ ትመጣለች በላቸው። ለምን እንደምመጣም ንገራቸው። ሰው ሳይዘጋጅ አይጠየቅም።»

ማኅሌት ካምፓሱን ትታ አብራኝ ሄደች። «እማማ፣ መንገዱ እኮ አያስተማምንም» ብላኝ ነበር፤ «ስድሳ ዓመት ጠብቄ ለመንገድ ልፈራ?» አልኋት። እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን፣ ሦስት ቦታ ወርደን ተፈትሸን፣ ረፋድ ላይ ዱርቤቴ ገባን። የገበያ ቀን ነው፤ ከብቱና ሰዉ ተቀላቅሎ መንገዱን ሞልቶታል። የመምህሩን ቤት ሁሉም ያውቀዋል። ልጃቸው በሩን ከፈተችልን። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ወፍራም መነጽር አድርገው፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ያ የናይለን ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ይህን ያህል ያንሳል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ሊነሡ ሞከሩ።

«በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ» አልሁ።

«ማን ልበል እመቤቴ? እርስዎ…»

«እናኑ ታከለ ነኝ።»

«እናኑ…» አሉና «እርስዎ» የሚለውን ተዉት። «ከአድማሱ ጋር የምትቀመጪው።»

«ከኔ ጋር የሚቀመጠው አድማሱ» አልኋቸው።

ፈገግ አሉ። «አልተለወጥሽም። ትናንት ደውሎ ነገረኝ። ቃሏን ስሰማ ነገሩ ሁሉ መጣልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሱን ሳስብ ነው ያደርሁት።» ልጃቸው በርጩማ አመጣችልኝ። አልተቀመጥሁም፤ የመጣሁት ቆሜ ልጠይቅ ነው። አባቴ ለሽማግሎቹ የሰጠውን ቃል፣ የወንዙን፣ የጥሩን ሠርግ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሰሙ ጣታቸውን በጋቢው ጥለት ላይ ያመላልሳሉ።

«ያን አላወቅሁም» አሉ። «በመስከረም ስትቀሪ ጠየቅሁ፤ ልትዳር ነው አሉኝ። እኔንም በዚያው ዓመት ቀየሩኝ።»

«መልሴ ትክክል መሆኑን ግን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እኔ ስማር የነገሩኝ ሳይለወጥ ነው። ክፍሉ በሙሉ ኢዲ ጨምሮ ጻፈ፤ ሁሉንም ኤክስ አደረግሁ። ሳይጨምሩ የጻፉ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዴስክ ላይ። እንግዲህ አንዱ ከአንዱ አይቷል አልሁ።»

ስድሳ ዓመት ሙሉ ስለ ኢዲ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ነገሩ ከኢዲ ጋር አልነበረም።

«ያየሁት እኔ ነኝ አሉ?»

«አንቺ ነሽ አልሁ። ጥርጥር ነበረኝ፤ አንቺው መጥተሽ ‹የአድማሱም እንዲሁ ነው› ስትዪኝ ጥርጥሬ ለቀቀኝ። ወረቀቱን ባታይ በምን ታውቃለች አልሁ።»

«ያየው እሱ ነው። ክርኔን ፈቀቅ አድርጌ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይህን አድማሱም ትናንት አልካደም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸው ወደ ማኅሌት፣ ማኅሌትም ወደ እኔ አየች፤ «እማማ፣ ይበቃል፤ ሽማግሌ ናቸው» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እጇን ከክንዴ ላይ አነሣሁት።

«ሁለት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ አሉ» አልሁ። «አንዱ አይቷል። እሺ፤ መጠርጠርዎ አልከፋኝም። ስለ ምን እኔን?»

መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። ከውጭ የገበያው ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አቀኑና መለሱልኝ።

«የአድማሱ አባት ቤት ሬድዮ አለ፤ እንግሊዝኛ ይሰማል። የገበሬ ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ ዝናብን አስቀድሞ ስለ መናገር ምን ታውቃለች ብዬ ነው። ገመትሁ። ጠርቼ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኝ እንደነበርም ያን ጊዜ አውቃለሁ፤ እንዲያ ያለሽ ልጅ ነበርሽ። አልጠየቅሁሽም።»